ሰኞ የሚፈታው ምትሃት

ጡረታ ስወጣ በስሜ የተመዘገበውን ዕቃ ሁሉ አስረክብ ተባልኩ። የመጨረሻው ትምህርት ቤቴ እዚሁ ዲላ ነው። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ወይዘሮ አስቴር መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ መሳቢያዬን ትበረብራለች፤ እኔ ደግሞ እንደተያዘ ሌባ አጠገቧ ቆሜአለሁ። ማግኔቱ ተገኘ፣ የመስታወት ዕቃዎቹ ተገኙ፣ መቆሚያው የተሰበረው ሉልም ተገኘ። ከመሳቢያው ጥግ ግን በቀይ ሪባን የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ገልጣ አየችው።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"አውራ ጣቴ ነው" አልኳት።

ጮኻ ወለሉ ላይ ወረወረችው። ከዚያ የእኔ ሁለት አውራ ጣቶች በየቦታቸው መኖራቸውን አይታ በሳቅ ፈረሰች። "ይሄ የእኔ ዝርዝር ላይ የለም፤ ይዘውልኝ ይሂዱ መምህር" አለችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ቤቴ ስደርስ ሳቁ ጠፋ። የላስቲኩን ጣት ጠረጴዛው ላይ፣ ሪባኑን ከጎኑ አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ዲላ ሳስተምር ስለ ጣቱ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው። ስለ ሪባኑ የጠየቀኝ የለም።

የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ልጆቹ "ምትሃተኛው" ይሉኛል፤ ባልደረቦቼም ሲያሾፉብኝ እንዲሁ ይሉኛል። ይህን ስም ያተረፈልኝ ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ነው ማለት ይቻላል። የዲላ ልጅ ነኝ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት እዚሁ ጌዴኦ፣ ወርቃ የምትባል የገጠር ከተማ ነበር። ጭቃው ጫማዬን ከእግሬ አውልቆ ሲያስቀርብኝ፣ አንድ አጭር ሰው ከበር ላይ ሆኖ እያየኝ ይስቅ ነበር። ያ ሰው ጋሽ ወልዴ ነው። የትምህርት ቤቱ አንጋፋ የሳይንስ መምህር እሱ ነበር፤ እስክትደላደል ብሎ ከቤቱ አንዱን ክፍል ለቀቀልኝ።

የመጀመሪያ ትምህርቴ ስለ አየር ግፊት ነበር። ጥቁር ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞላሁት። ልጆቹ በመስኮት በኩል ቡናውን ያያሉ፤ ቡናው መቅላት ጀምሯል፤ የነሱም ልብ እዚያ ነው። በማግስቱ ጋሽ ወልዴ ሰሌዳዬን ሳይነካ ገባ። እጁን በሳሙና እስከ ክርኑ ታጠበ፣ እጅጌውን ጠቀለለ፣ ብርጭቆ ውኃ ሞልቶ አፉን በወረቀት ከደነና ገለበጠው። ውኃው አልፈሰሰም። ብርጭቆውን እንደተገለበጠ የአንዱን ልጅ ራስ አናት ላይ ይዞ ቆመ። ክፍሉ ትንፋሹን ዋጠ። "ለምን አልፈሰሰም?" አላቸው። "እሺ፤ መልሱ ሰኞ" ብሎ ወጣ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሰኞ ክፍሉ ሞልቶ ጠበቀው።

አሠራሩ ይኸው ነበር፤ ዓርብ ይቋጥራል፣ ሰኞ ይፈታል። ቅዳሜና እሑድ ቡና ለቀማ የወጣ ልጅ ሰኞንም እዚያው ይቀራል፤ ማክሰኞም ይደገማል፤ በዚያው የሚቀር አለ። ጋሽ ወልዴ ያንን ልጅ የሚስበው በዚህ ገመድ ነው። ግን ገመዱን ያለ ልክ አይጎትትም ነበር። የኮቱ ኪሶች ሁሉ በክር የተሰፉ ናቸው፤ "ልጁ ኪሴን ከጠረጠረ ማሰብ ያቆማል" ይላል። ጠመኔውን ጆሮው ላይ ይሰካል፣ የቤቱን ቁልፍ በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ኪሱ የተሰፋ ኮት የሚለብስ ሰው እስከ ዛሬ እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

አንድ ሰኞ ስንፍና ያዘኝና ያሳየሁትን ምትሃት ሳልፈታ ወደ ሌላ ትምህርት አለፍኩ። ጋሽ ወልዴ ሰማ። ማታ እራት ላይ ቁጣውን በእርጋታ አወረደው።

"ስማ ልጄ። እዚህ አገር ልጁ እሑድ ቸርች ሄዶ በጸሎት የተፈወሰ ሰው ሲመሰክር ይሰማል። እሱ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ እኔና አንተ አያገባንም። የኛ ብልሃት ነው። ብልሃት መሆኑን ካልነገርከው ልጁ ሁለቱን ያደባልቃል፤ ከዚያ አንተ የማትችለውን ነገር መጠየቅ ይጀምራል። የዓርቡ ምትሃት ከሰኞ አይለፍ። ገባህ?"

ገባኝ አልኩ። እንዳልገባኝ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ይርጋጨፌ አጠገብ ወዳለችው አሪቻ ስዛወር የላስቲኩን ጣት የሰጠኝ እሱ ነው። ጣቱ ውስጡ ባዶ ነው፤ በእውነተኛው አውራ ጣት ላይ እንደ ቆብ ይጠለቃል። መጀመሪያ ቀለሙ የፈረንጅ ጣት ይመስል ነበር አለኝ፤ ጋሽ ወልዴ በወፍራም ቡና ውስጥ ደጋግሞ ቀቅሎ የእኛን መልክ አስያዘው። ጨርቅ ወይም ሪባን በጭብጥህ ውስጥ ትወትፋለህ፤ የላስቲኩ ጣት እዚያው ጭብጥህ ውስጥ ተደብቆ ይጠብቃል፤ በመጨረሻ በአውራ ጣትህ ስትገፋ ጣቱ ሪባኑን በሆዱ ይዞ ይወጣል። ጭብጥህን ስትከፍት ምንም የለም።

"ጣቱን ለመደበቅ አትሞክር" ብሎኛል። "ከደበቅከው ያዩታል። አንተ የጨበጠውን እጅህን ብቻ እይ፤ እነሱም አንተ የምታየውን ያያሉ።" ይህን ለመልመድ አንድ ሙሉ ክረምት ፈጀብኝ።

አሪቻ ላይ ርዕሰ መምህሩ እንግዳ የሚወድ ሰው ነበር። ከወረዳ ሰው በመጣ ቁጥር ከክፍል ያስጠራኝና "እስቲ ያቺን ዕንቁላል አስገባልን" ይለኛል። የተቀቀለ ዕንቁላል በተቃጠለ ወረቀት ጉልበት ጠርሙስ ውስጥ ስትገባ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፤ ለምን ገባች ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ደመወዙ ደመወዝ አልነበረም፣ ዕድገቱም እንደ ወሬ ይመጣና ይሄዳል። ግን ሰኞ ሰኞ የሞላ ክፍል ነበረኝ።

ምህረትም ነበረችኝ።

ምህረት ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ ፀጉሯን በቀይ ሪባን ታስራለች። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ እሷ ዓይኗን አጥብባ ታየኛለች። ከምትሃቶቼ ግማሹን ከሰኞ በፊት ትደርስባቸው ነበር፤ ግን ጓደኞቿ ላይ እንዳታበላሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ቲቸር፣ አየሩ ነው አይደል?" ትለኛለች። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ። ያወቀችውን ለሌሎች ስትል ደብቃ የምትይዝ ልጅ ያየሁት አንዷን ነው። እወዳት ነበር፤ እንደ ልጄ።

ቡና በደረሰበት ሰሞን አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ቀረች።

"ቲቸር፣ አክስቴ ከአዋሳ መጥቷል። ሊወስደኝ ነው። ሰው ቤት፣ ለሥራ።"

አባቷን አቶ ጅግሶን ለማነጋገር የዚያኑ ዕለት ሄድኩ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ቡናውን ብቻውን የሚለቅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እንደ ምህረት ሁሉ አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። እህቱ፣ የምህረት አክስት፣ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ልጅቷ አዋሳ ጥሩ ሰዎች ቤት እንደምትገባ፣ ማታ ማታ እንደምትማር ነገረችኝ። ማታ ይማራሉ ተብለው የሄዱ ስንት ልጆች አውቃለሁ። ይህንኑ ለአቶ ጅግሶ ነገርኩት። እንዲህ ሲል መለሰልኝ።

"እኔ ልጅ አላስገድድም፣ ቲቸር። እስከ ማክሰኞ እህቴ እዚህ አለ። ልጁ ራሱ አልሄድም ካለ አይሄድም።"

መንገዴን ሁሉ ይህን ቃል እያሰብኩ ወረድኩ። ልጅቷ አልሄድም እንድትል ማድረግ ብቻ ነበር የቀረኝ። ምክር መስጠት እችል ነበር፤ ምክር ግን ሁሉም ይሰጣል። እኔ ያለኝ ዓርብና ሰኞ ነው።

ዓርብ የላስቲኩን ጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ለአሪቻ ልጆች አወጣሁት። ለትልቅ ቀን ያስቀመጥኩት ነበር። እጄን ታጠብኩ፣ እጅጌዬን ጠቀለልኩ፤ "ሪባንሽን አበድሪኝ" አልኩና ወደ ምህረት እጄን ዘረጋሁ። ከፀጉሯ ፈትታ ሰጠችኝ። ቀስ እያልኩ በጭብጤ ውስጥ ወተፍኩት። ጭብጤን ከፈትኩ። ባዶ።

ክፍሉ ተንጫጫ። ምህረት ከወንበሯ ተነሥታ መዳፌን በጣቷ ዳሰሰችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ ሲገባት አየሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም አጨበጨበች።

"የት ሄደ ቲቸር?"

"ሚስጥሩም ሪባኑም ሰኞ" አልኳት። "ሰኞ መጥተሽ ትቀበያለሽ።"

"ሰኞ እመጣለሁ" አለች። ፀጉሯ ተበትኖ እየሮጠች ስትወጣ፣ ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ሰኞ የምህረት ቦታ ባዶ ነበር። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ዓይኔ በሩ ላይ ቀረ። ዕረፍት ላይ ሪባኑን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤቷ ወጣሁ። አቶ ጅግሶ ቡና ዘርግቶ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል፤ ሲያየኝ ቀና ሳይል ተናገረ።

"ትናንት ከቸርች መልስ ሄደ። እህቴ መኪና ተገኘ አለ። ልጁ አለቀሰ ... ግን ሄደ።"

"አልሄድም አላለችም?"

"ሰኞ፣ ሰኞ እያለ ነው ያለቀሰ። እኔ ምን ልበል?" አለና እጁን በቡናው ላይ እንዳደረገ ቀረ። እሱም ከእኔ እኩል የተሸነፈ ሰው ነበር፤ ልቆጣው ብዬ የወጣሁበትን ዳገት ዝም ብዬ ወረድኩት።

በማግስቱ ልጆቹ "ሚስጥሩስ?" አሉኝ። ታምራት የሚባል የምህረት ጎረቤት አለ፤ ከሁሉም የሚጮኸው እሱ ነው።

"ምህረት ስትመጣ" አልኳቸው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ዛሬም በደንብ አላውቀውም። የእሷ ሪባን ነው፤ እሷ በሌለችበት ጣቱን አውልቄ ባሳይ የቀበርኳት ያህል ይመስለኝ ነበር። የሚቀጥለው ሰኞ መጣ፤ ያኛውም። ሌሎች ምትሃቶች አሳየሁ፣ ፈታሁም፤ ያቺ አንዷ እንደተቋጠረች ቀረች። ልጆቹ መጠየቅ ተዉ። ሦስት ሆነው የሚቀመጡበት ዴስክ ላይ ሁለቱ ተጠጋግተው የምህረትን ቦታ ክፍት ይተዉ ነበር። ዕቃችሁን አበድሩኝ ስል ደግሞ እጃቸውን ወደ ኋላ ይሰበስባሉ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍል ስገባ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ክፍሉ በሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቶ ይጸልያል። የሚመራቸው ታምራት ነው። ጸሎቱ በጌዴኦኛ ነበር፤ የገባኝ የምህረት ስምና "ሪባን" የሚለው ቃል ብቻ ነው። ሲጨርሱ አዩኝ። ታምራት ወደ እኔ መጣ።

"ቲቸር፣ ጸልየናል። አሁን ሪባኑን መልስ። ሪባኑ ሲመጣ ምህረትም ይመጣል።"

ያን ዕለት ማስተማር አልቻልኩም። ሥራ ስጠኋቸውና ወጥቼ ከቢሮው ጀርባ ለጋሽ ወልዴ ደወልኩ። ያኔ ጡረታ ወጥቶ ነበር፤ ድምፁ ደክሟል። ሁሉን ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣም።

"ፍታው" አለኝ።

"ጋሼ፣ ከፈታሁት እኮ አትመጣም ማለት ነው።"

"አትመጣም እኮ ልጄ። ዛሬውኑ ፍታው።"

ተመልሼ ገባሁ። እጄን አልታጠብኩም፣ እጅጌዬንም አልጠቀለልኩም። ሪባኑን በጭብጤ ወተፍኩ፤ አጠፋሁት፤ ከዚያ የላስቲኩን ጣት አውልቄ ከፍ አድርጌ ያዝኩት፤ ሪባኑን ከሆዱ መዝዤ አወጣሁ። "ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁልጊዜ እኔ ጋ ነበር" አልኳቸው። አንድ ሁለቱ ሳቁ፤ ጣቱ ያስቃል። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ከኋላ አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች፤ ከፊት ያሉትም ተከተሏት። ታምራት አላለቀሰም። ሪባኑን ትክ ብሎ አየና ጠየቀኝ።

"ታዲያ ምህረት የት ነው?"

"አዋሳ ናት" አልኩት። "እኔ ልመልሳት አልችልም።"

በሕይወቴ የሰጠሁት በጣም ከባዱ ትምህርት ያ ነው። በማግስቱ ሁለቱ ልጆች የምህረትን ቦታ ይዘው ዴስካቸው ላይ ሰፋ ብለው ተቀመጡ።

ከአሪቻ ወደ ዲላ የተዛወርኩት ከዚያ ከዓመታት በኋላ ነው። ጋሽ ወልዴ በመካከሉ አረፈ፤ የተሰፋ ኮቱን ልጆቹ ለማን እንደሰጡት አላውቅም። ዲላ ላይ ያስተማርኳቸው ልጆች ሌላ ዓይነት ናቸው። ዓርብ ያሳየሁትን ምትሃት ከሰዓት ሳይደርስ ስልክ ላይ ፈትተው ይመጣሉ። "ቲቸር፣ ይሄማ ፌክ ጣት ነው፤ ሼም ነው!" ይሉኛል እየሳቁ። አልተቀየምኳቸውም። ሰኞን የሚጠብቅ ሰው ግን በክፍሌ ውስጥ አልነበረም፤ እጄም መንቀጥቀጥ ጀመረ። የላስቲኩን ጣት በሪባኑ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ካስረከብኩ ብዙም ሳልቆይ ስልኬ ጮኸ። ታምራት ነው፤ አሁን አሪቻ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ይሠራል።

"ቲቸር፣ አቶ ጅግሶ አረፈ። ምህረት ከአዋሳ መጥቷል።"

በይርጋጨፌ በኩል ሚኒባስ ያዝኩ፤ ከዚያ በሞተር ወጣሁ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ መዘምራኑ ይዘምራሉ። አግዳሚ ወንበር የሚያመላልሱት ወጣቶች ብዙዎቹ የዚያ ክፍል ልጆች ናቸው። ተቀምጬ ሳለ ጥቁር የለበሰች፣ ቀጭን ሴት ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። ዓይኗን አጠበበች። በዚያ አወቅኋት።

ከድንኳኑ ጀርባ እንሰቱ ሥር ይዛኝ ወጣች። ታምራትም ወንበር ይዞልኝ ተከተለን። ድሮ "አንተ" ትለኝ ነበር፤ አሁን "እርስዎ" ትለኛለች።

"ተማርሽ?" አልኳት። ሌላ የምጠይቀው ጠፋኝ።

"የሰው ልጆች አሳደግሁ" አለች። "አስጠናቸው ነበር። ብርጭቆ ገልብጬ አሳያቸውና መልሱ ሰኞ እላቸው ነበር።" ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታው ቀረ። "ያን እሑድ፣ ሰኞ ሪባኔን እቀበላለሁ፣ አልሄድም ብዬ አለቀስኩ። አክስቴ ለሪባኑ የማለቅስ መሰላት። ይርጋጨፌ መናኸሪያ ስንደርስ ሌላ ገዛችልኝ። ቀይ። ከዚያኛው ይበልጥ ያምር ነበር።"

 ስንት ዓመት ሙሉ ያልመጣችው ስላልፈለገች ነው ወይስ ስለተከለከለች እያልኩ ኖሬአለሁ። ገመዴ ይዟት ነበር። እኔ የቋጠርኩትን ቋጠሮ ሱቅ ውስጥ በተገዛ ሪባን ፈቱት። እጄን ኪሴ ከትቼ ሪባኑን አወጣሁ፤ ቀለሙ ለቆ ሮዝ ሊሆን ምንም አልቀረው።

አልተቀበለችኝም። "እንደዚያ አይደለም" አለች። "እንደጠፋው ይመልሱልኝ።"

ሐዘን ቤት ምትሃት ማሳየት ነውር ነው። አባቷን የቀበረች ልጅ ስትለምን እምቢ ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ዞር ብዬ ከኪሴ የላስቲኩን ጣት አወጣሁ፤ ሪባኑን ሆዱ ውስጥ መለስኩና እጅጌዬን ጠቀለልኩ። ባዶ እጄን አሳየኋት። ጨበጥኩ። ከስቼ የላስቲኩ ጣት ሰፍቶኛል። የጨበጠውን እጄን ብቻ አየሁ። እሷም እሱን አየች። ሪባኑን ከጭብጤ ቀስ እያልኩ መዘዝኩት፤ ሲያልቅ ግን የላስቲኩ ጣት ሾልኮ ሲወድቅ ተሰማኝ። ወደ ታች ለማየት አልደፈርኩም።

ምህረት ሪባኑን በሁለት እጇ ተቀብላ ፊቷ ላይ አደረገችው። እዚያ ውስጥ ሆና አለቀሰች፤ ለአባቷ ይሁን ለምን አላውቅም። ስትረጋጋ "ሚስጥሩን ልንገርሽ?" አልኳት። ይህን ያህል ዓመት የቆየ ዕዳዬ ነው።

"አይንገሩኝ" አለች ፈጥና። "እባክዎ። እስካልነገሩኝ ድረስ ሰኞ ትምህርት አለኝ።"

ሪባኑን ጣቷ ላይ ጠቅልላ ወደ ድንኳኑ ሄደች።

ታምራት አጠገቤ ቆሟል፤ እሱ ሚስጥሩን ያውቃል፤ ያን ሰኞ እዚያው ነበር። የወደቀውን ጣት የረገጠበትን ጫማውን ያነሣው እሷ ሴቶቹ መካከል ከተቀመጠች በኋላ ነው። ጎንበስ ብሎ ጣቱን አነሣ፣ ጭቃውን በሱሪው ጠረገና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።